በመዝገብ ያልተጻፈ በድርሻ አይታሰብም

አራተኛው የኦሪት መጽሐፍ ኦሪት ዘኍልቍ ይባላል። ስሙ እንደሚያስረዳው ዋና ነገሩ ቍጥር ነው፤ ሕዝበ እስራኤል በየነገዱና በየአባቱ ቤት በምድረ በዳ ሁለት ጊዜ እንደ ተቈጠረ ይነግረናል። ሁለተኛው ቈጠራ በሞዓብ ሜዳ የተደረገው ምድረ ርስት በቍጥሩ ልክ ትከፈል ዘንድ ነበረ። ነገር ግን የተቈጠሩት ሃያ ዓመት የሞላቸውና ለሰልፍ የሚወጡ ወንዶች ነበሩ። ሰለጰዓድ የሚባለው ሰው ወንድ ልጅ ሳይወልድ በምድረ በዳ ስለ ሞተ ስሙ ከወገኑ መካከል ሊጠፋ፣ አምስት ሴቶች ልጆቹም ያለ ርስት ሊቀሩ ሆነ። እነዚያ አምስት እኅትማማቾች በሙሴና በካህኑ በአልዓዛር፣ በአለቆችና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆመው ድርሻቸውን ጠየቁ፤ ሙሴም ነገራቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ፤ ፍርዱም ለእነርሱ ሆነ።

ይህን ታሪክ ሊቃውንቱ ጠንቅቀው ያውቁታልና ልናስተምራቸው ብለን አላነሣነውም። ያነሣነው ሁለት ነገር ስለሚያስገነዝበን ነው። አንደኛው፣ እነዚያን ሴቶች ከመዝገብ ያስቀራቸው የአንድ ጸሓፊ ክፋት አልነበረም፤ መዝገቡ ሲዘጋጅ የተጠየቀው ጥያቄ እነርሱን የማይጨምር ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛው፣ በሙሴ ዘመን የተሰጠው ፍርድ ብቻውን አልበቃም፤ በኢያሱ ዘመን ምድሪቱ በተከፈለች ጊዜ እነዚሁ ሴቶች ዳግመኛ ቀርበው የተፈረደላቸውን ማስታወስ አስፈለጋቸው። ሕግ መውጣቱና ድርሻ በእጅ መግባቱ ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን። በሁለቱም መካከል የቆመው መዝገብ ነው።

ዛሬ አገራችን አዲስ መዝገብ በመጻፍ ላይ ትገኛለች። ይህ መዝገብ በብራና ወይም በወረቀት ሳይሆን በኮምፒዩተር የሚጻፍ፣ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው በቅጽበት የሚተላለፍ ነው፤ በዘመኑ ቋንቋ ዲጂታል ይባላል። በ2012 ዓ.ም. መንግሥት «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለውን ዕቅድ አጸደቀ፤ በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. በእጅ ስልክ ገንዘብ የሚላክበትና የሚቀበሉበት ቴሌብር ሥራውን ጀመረ፤ በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቍጥር 1284 ወጣ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 ተከተለው። የገጠር መሬት መዝገብ፣ የጤና ጣቢያ መዝገብ፣ የባንክ ሒሳብ ሁሉ ወደዚሁ ጥበብ እየተሻገረ ነው። እንግዲህ ልንጠይቅ የሚገባን ይህ ነው፤ በአዲሱ መዝገብ የኢትዮጵያ ሴቶች በገዛ ስማቸው ይጻፋሉን ወይስ እንደ ቀድሞው በሌላ ሰው ስም ጥላ ሥር ይቀራሉ? በወረቀት የተሳሳተ ነገር በአንድ ገጽ ተወስኖ ይቀራል፤ በኮምፒዩተር የተሳሳተ ግን መሥሪያ ቤቶች ሁሉ እርስ በርሳቸው እየተዋሱት ይበዛል። ስለዚህ ነገሩን ማሰብ የሚገባው መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ሳይሆን እየተጻፈ ሳለ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቍጥር እንናገር። የአንድ አገር አስተዳዳሪ ድምሩን ብቻ ቢያውቅ ብዙ ነገር ይሰወርበታል። ለዚህም በቂ ምሳሌ አለን። የዓለም ባንክ ባስደረገው ጥናት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2017 በባንክ ወይም በሌላ የገንዘብ ተቋም ሒሳብ የነበራቸው አዋቂ ኢትዮጵያውያን ከ100 ሰው 35 ነበሩ፤ በ2022 በተሰበሰበው ጥናት ግን 46 ደረሱ። ይህን ብቻ የሰማ ሹም እሰየው ብሎ ያልፋል፤ መደሰቱም አያስነቅፈውም። ቍጥሩ በፆታ ተለይቶ ሲታይ ግን ሌላ ነገር ይገለጣል። በመጀመሪያው ጥናት ሒሳብ የነበራቸው ከ100 ወንዶች 41፣ ከ100 ሴቶች 29 ነበሩ፤ ልዩነቱ 12 ነው። በሁለተኛው ጥናት ወንዶቹ 55፣ ሴቶቹ 39 ሆኑ፤ ልዩነቱም 16 ደረሰ። ሁሉም ወደ ፊት ሄደዋል፤ ነገር ግን ወንዶቹ ፈጥነው ስለ ሄዱ በመካከላቸው ያለው ርቀት ሰፋ። ድምሩ መልካም ዜና ሲያወራ ክፍልፋዩ ማስጠንቀቂያ ይናገር ነበረ ማለት ነው። ቍጥሩ ባይለይ ኖሮ ይህን ማንም ባላየው ነበረ።

የዚህም ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜአቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነው መካከል የእጅ ስልክ ያላቸው ከ100 ወንዶች 55 ሲሆኑ ከ100 ሴቶች 27 ብቻ ነበሩ፤ ማንበብ የሚችሉትም ወንዶች 69፣ ሴቶች 42 ነበሩ። አገልግሎቱ በስልክ የሚሰጥ ከሆነ፣ ስልኩ ያለው ደግሞ በወንዱ እጅ ከሆነ፣ በስልኩም ላይ የሚታየው ጽሕፈት ለሚያነብ ብቻ የሚገባ ከሆነ፣ ጥበቡ የሚፈስሰው ቦዩ ወደ ተቈፈረበት ወገን ነው። የቴሌብር ደንበኞች ቍጥር ከ50 ሚሊዮን መብለጡ በ2017 ዓ.ም. ተነግሯል፤ ይህ በአጭር ዘመን የተገኘ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የደንበኞች ብዛት በሚነገርበት ቦታ ሁሉ «ከእነዚህ ውስጥ ሴቶቹ ስንት ናቸው? የገጠሩስ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ከዚያም የተመዘገቡት ብቻ ሳይሆኑ በገዛ እጃቸው የሚጠቀሙት ሊታወቁ ይገባል። ስሟ በደንበኞች ዝርዝር የተጻፈ፣ ስልኩንና የምስጢር ቍጥሩን ግን ሌላ ሰው የያዘባት ሴት ተቈጠረች እንጂ ድርሻዋን አገኘች አይባልም።

ሌላም ነገር አለ። ቍጥር የጥያቄ ልጅ ነው፤ ጥያቄው ጠማማ ከሆነ መልሱ ሊቀና አይችልም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ አካል ጉዳተኛ ተብሎ የተጻፈው ሰው ከ100 አንድ ያህል ነበረ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ባወጡት ሪፖርት ግን የኢትዮጵያ አካል ጉዳተኞች ከ100 ሰው ከ17 እንደሚበልጡ ተገምቷል። በአራት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሕዝብ አካሉ አልጐደለም፤ የተለወጠው የጥያቄው አቀራረብ ነው። በር ላይ ቆሞ «አካለ ጐደሎ በቤታችሁ አለን?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ቤተ ሰቡ ከኀፍረት የተነሣ «የለም» ይላል፤ «ከእናንተ ውስጥ ለማየት፣ ለመስማት፣ ለመራመድ የሚቸገር አለን?» ብሎ ለሚጠይቅ ግን እውነቱን ይነግረዋል። በቤት ውስጥ ተሰውረው ከሚኖሩትም መካከል የሴቶቹ ነገር የባሰ ነው፤ ወላጆች የዓይነ ስውሩን ልጅ ቆሎ ተማሪ እንዲሆን ወደ የኔታ ሲልኩት እኅቲቱን ግን በጓዳ ያስቀሯታልና።

ስለ ሥራም እንዲሁ ነው። ጸሓፊው ወደ አንድ የገበሬ ቤት ገብቶ «ሚስትህ ሥራዋ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ባልዮው «ሥራ የላትም፤ ቤት ናት» ብሎ ይመልሳል። ያች «ሥራ የላትም» የተባለች ሴት ግን ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥታ ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ እህል ፈጭታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ልጅ አጥባ፣ ከብት አልባ፣ በአረምና በመከር ጊዜም ከባልዋ ጋራ በማሳው ላይ ውላለች። በ2005 ዓ.ም. በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት የተደረገው ሰው ቀኑን በምን በምን እንደሚያሳልፍ ጠይቆ ይህን የተሰወረ ድካም በቍጥር ለመግለጥ ነበረ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 የዓለም የሥራ ስታቲስቲክስ ዐዋቂዎች በጄኔቭ ተሰብስበው ዋጋ የማይከፈልበት የቤት ሥራም ሥራ ተብሎ እንዲቈጠር ወስነዋል። ይህ ለክብር ብቻ የሚደረግ አይደለም። የውሃ ጕድጓድ የት እንደሚቈፈር፣ ወፍጮ የት እንደሚተከል የሚወስን ሹም ሴቲቱ ውሃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት እንደምትሄድ ካላወቀ ገንዘቡን ወደ ሌላ ስፍራ ያውለዋል።

ቈጠራው ራሱም እየዘገየ ነው። በ1976፣ በ1987ና በ1999 ዓ.ም. ሦስት ጊዜ የሕዝብ ቈጠራ ተደርጓል፤ በሦስተኛውም ከ73 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተቈጥሯል። ሕገ መንግሥቱ ቈጠራው በየዐሥር ዓመቱ እንዲደረግ ያዝዛል፤ በወረቀት ፈንታ በእጅ በሚያዝ ኮምፒዩተር ሊደረግ የታሰበው አራተኛው ቈጠራ ግን ተደጋግሞ ተላልፏል። የጸጥታው ችግር ምክንያት መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ ቈጠራ በዘገየ ቍጥር መሥሪያ ቤቶች የሚመሩት በግምት ነው፤ ግምት ደግሞ አስቀድሞ የሚስተው ድምፃቸው የማይሰማውን፣ ቤታቸውን ለቀው የተሰደዱትን፣ በተለይም እማወራዎችን ነው።

ከዚህ ቀጥለን ወደ መሬት ነገር እንመለስ፤ በዚህ ረገድ ከገዛ አገራችን ልንማር የሚገባን መልካም ሥራ አለና። የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር መስጠት በትግራይ በ1990 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር ደብተሩ የሚጻፈው በቤተ ሰቡ ኀላፊ ስም ነበረ። ቀጥሎም በአማራና በያኔው የደቡብ ክልል ሥራው ሲጀመር የባልም የሚስትም ስም ከፎቶግራፋቸው ጋራ በደብተሩ ላይ እንዲኖር ተደረገ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቍጥር 456 የባልና የሚስት የጋራ መሬት ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ። እነሆ፣ በአንድ ወረቀት ላይ የአንድ መስመር መጨመር ምን ያህል ነገር እንደሚለውጥ ተመልከቱ። አስቀድሞ ባልዋ የሞተባት ሴት ከዘመዶቹ ጋራ በሽማግሌ ፊት ስትከራከር ምስክርዋ ጎረቤት ብቻ ነበረ፤ ጎረቤትም ይፈራል፣ ይዘመዳል፣ ይረሳል። ስሟና መልኳ በደብተር ከታተመ በኋላ ግን ምስክርዋ ራሱ መዝገቡ ሆነ። በስማቸው ደብተር ያገኙ የትግራይ እማወራዎችም «መሬቴን ባከራይ ይወሰድብኛል» የሚለው ፍርሃት ቀሎላቸው መሬታቸውን ከቀድሞው ይልቅ ማከራየት እንደ ጀመሩ በዚያ የተደረገ ጥናት አመልክቷል።

አሁን ይህ መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በመተላለፍ ላይ ነው፤ ማሳው ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ተለይቶ ካርታው ከባለይዞታው ስም ጋራ ይቀመጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1324ም የቀድሞውን ተክቷል። የምንፈራው በሽግግሩ ጊዜ ነው። ጸሓፊው ሥራ በዝቶበት የመጀመሪያውን ስም ብቻ ገልብጦ ሁለተኛውን ቢተወው፣ ወይም «ባለቤቱ» ብሎ ስሟን ሳይጽፍ ቢያልፍ፣ ሃያ ዓመት የተደከመበት ነገር በአንድ ቀን ይፈርሳል። መጽሐፍ የሚገለብጥ ደብተራ አንዲት መስመር ቢዘልል ከእርሱ የሚቀዱት ሁሉ ያንኑ ስሕተት ይዘው እንደሚቀሩ ሊቃውንቱ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ነው አራሚ የሚሾመው። ለመሬት መዝገብም አራሚ ያስፈልገዋል፤ የአራሚውም የመጀመሪያ ጥያቄ «የሚስትየዋ ስም የት አለ?» የሚል ይሁን።

ስለ ልደትና ስለ ጋብቻ መመዝገብ የምንናገረው በተለይ ካህናቱን ይመለከታል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቍጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ሥራው በመላ አገሪቱ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ተጀመረ። ከዚያ ቀደም ብሎ በዚያው ዓመት በተደረገው ጥናት ልደታቸው የተመዘገበላቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ከ100 ሦስት ያህል ብቻ ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ሕፃን የሚድረውን ይቀጣል። ነገር ግን በዚሁ በ2008 ዓ.ም. ጥናት ዕድሜአቸው ከ20 እስከ 24 ዓመት ከሆኑት 100 ሴቶች 40 ያህሉ 18 ዓመት ሳይሞላቸው ማግባታቸው ታይቷል። ሕጉ ነበረ፤ ዕድሜዋን የሚናገርላት መዝገብ ግን አልነበረም። አባት «18 ሞልቷታል» ይላል፤ ዳኛው በምን ይረታዋል?

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች። ይህን ሥርዐት የሚፈጽም ካህን የሕፃኒቱን የልደት ቀን ሳይቈጥር ሊያጠምቃት አይችልም። እንግዲህ በየደብሩ ለእያንዳንዲቱ ሕፃን ቀኗን ለይቶ የቈጠረ ሰው ነበረ፤ ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ ያችው ልጅ ለሠርግ ስትቀርብ «ዕድሜዋን የሚያውቅ የለም» ማለት ከየት መጣ? ቀኑ የጠፋው ባለ መታወቁ ሳይሆን ባለ መጻፉ ነው። የክርስትናው ቀን በደብሩ መዝገብ ቢጻፍ፣ ለእናቲቱም ምስክር ወረቀት ቢሰጣት፣ እርስዋም ያንን ይዛ ወደ ክብር መዝገብ ሹም ብትሄድ፣ ልጂቱ እስከ ዕለተ ሞቷ የሚጠብቃት ጋሻ አገኘች ማለት ነው። የእስልምና መሪዎችም ለሕፃን ስም በሚወጣበት ቀን እንዲሁ ሊያደርጉ ይችላሉ። በጋብቻም ቀን ካህኑ የልደት ማስረጃ ሳያይ አልባርክም ቢል ከብዙ ዳኞች ይልቅ ይሰማል።

ስለ ፋይዳ መታወቂያ ደግሞ እንናገር። ፋይዳ ለአንድ ሰው ባለ 12 አኃዝ የሆነ፣ ከጣቱ አሻራ፣ ከዓይኑና ከመልኩ ጋራ የተያያዘ ቍጥር ይሰጠዋል። ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ባንኮች አዲስ ሒሳብ ለመክፈት ይኸው መታወቂያ ይጠየቅ ጀመር። ለሴቶች ያለው ጥቅም ግልጥ ነው፤ መታወቂያ በቤተ ሰብ ሳይሆን በነፍስ ወከፍ ስለሚሰጥ ሚስት ከባልዋ፣ የቤት ሠራተኛም ከአሠሪዋ ተለይታ በገዛ ስሟ ትታወቃለች። ነገር ግን ማናቸውም በር ለሚገባው በር እንደ ሆነ ሁሉ ለማይገባው ግድግዳ ነው። ቀበሌ መታወቂያ ኖሯት የማያውቅ ሴት እንዴት ትመዘገባለች? ማስረጃ የሌለው ሰው በምስክር እንዲመዘገብ መንገድ ተዘጋጅቷል፤ ይህን መንገድ ግን የምዝገባ ሠራተኛው ካልነገራት አታውቀውም። ስታጥብና ስትፈጭ የኖረች አሮጊት የጣቷ አሻራ ቢጠፋ በዓይንዋና በመልኳ እንድትመዘገብ እንጂ «መሣሪያው አልተቀበለሽም» ተብላ እንድትመለስ አይገባም። የምዝገባው ጣቢያ ከቤትዋ የግማሽ ቀን መንገድ ከሆነም የቤቱን ሥራ ትታ መምጣት አትችልምና ጣቢያው ወደ ገበያውና ወደ ጤና ኬላው ይምጣ።

መንግሥት ወደ ሴቶቹ ቤት ሲሄድ ምን እንደሚገኝ የጤናው ሥራ አሳይቶናል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከ30,000 የሚበልጡ ሴቶችን አሠልጥኖ በየቀበሌው አሰማራ፤ እነርሱም በየቤቱ እየዞሩ የቤተ ሰቡን ማኅደር ጻፉ፤ እርጉዟን፣ አራሷን፣ ያልተከተበውን ሕፃን ለይተው አወቁ። በወሊድ ምክንያት የሚሞቱት እናቶች በ1992 ዓ.ም. ጥናት ከ100,000 ወሊድ 871 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት ወደ 412 ወርደዋል። ይህን ያደረገው መዝገብ ብቻ ነው አንልም፤ ሐኪሙም፣ መንገዱም፣ አምቡላንሱም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን እርጉዟን የማያውቅ አምቡላንስ ወዴት ይሄዳል? አሁን ያ ማኅደር ወደ ኮምፒዩተር እየተሻገረ ነውና ማኅደሩን የጻፉት ሴቶች መሣሪያውንም እንዲያውቁት ሥልጠና ሊሰጣቸው ይገባል።

እንግዲህ ጥቅሙን ይህን ያህል ከተናገርን ጉዳቱንም መሸፈን አይገባንም። መዝገብ ጋሻ ሊሆን እንደሚችል ሁሉ ጦርም ሊሆን ይችላል። ከሚደበድባት ባልዋ ሸሽታ በሌላ ከተማ የተጠለለች ሴት አድራሻዋ በኮምፒዩተር ተጽፎ ሳለ፣ በዚያ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ዘመዱ ቢነግረው ምን ይደርስባታል? በጤና ጣቢያ የተናገረችው ምስጢር በመንደር ቢወራ ዳግመኛ ወደ ሐኪም ትሄዳለችን? የንስሓ አባት የሰማውን ምስጢር ለማንም እንዳይገልጥ ሥርዐት ያስረዋል፤ ምስጢሩ ባይጠበቅ ኖሮ ንስሓ የሚገባ ሰው ባልተገኘም ነበረ። መዝገብ የሚይዝ ሹምም እንዲሁ የታሰረ መሆን አለበት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ የወጣው ለዚህ ነው፤ ነገር ግን አዋጁ በፍርድ ካልተፈጸመ በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ወረቀት ነው። ማን ምን መዝገብ እንደ ከፈተ ኮምፒዩተሩ ራሱ ይጽፋልና ያለ ሥራው የሰውን ምስጢር የተመለከተ ሠራተኛ ይጠየቅ።

ሌላው ጉዳት በማሽን ፍርድ የሚመጣው ነው። ዛሬ በዓለም ሁሉ ሰው ሠራሽ ልህቀት የሚባለው ጥበብ የሰውን መልክ ይለያል፣ ለሥራ የሚቀጠረውን ይመርጣል፣ ብድር የሚገባውን ይለያል። በአዲስ አበባ የተወለዱት ዶክተር ትምኒት ገብሩና የሥራ ባልደረባቸው ጆይ ቡዎላምዊኒ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 በአሜሪካ ባወጡት ጥናት የሦስት ኩባንያዎችን መልክ የሚመረምር መሣሪያ ፈተኑ። መሣሪያዎቹ የነጭ ወንድን ፆታ ለመለየት ከ100 አንድ ጊዜ እንኳ አይስቱም ነበረ፤ የጥቍር ሴትን ግን ከመካከላቸው ሁለቱ ከ100 ከ34 ጊዜ በላይ ሳቱ። ማሽኑ ጥላቻ የለውም፤ ነገር ግን የተማረበት የፎቶግራፍ ክምችት በአብዛኛው የነጮችና የወንዶች ስለ ነበረ ያላየውን አላወቀም። ይህ እንደ ሰለጰዓድ ልጆች ነገር ያለ ነው፤ በመጀመሪያው መዝገብ ያልገባ በመጨረሻው ፍርድ ይረሳል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ከውጭ የሚገዛ መሥሪያ ቤት «በኢትዮጵያውያን ሴቶች ላይ ተፈትኗልን? አማርኛን፣ ኦሮምኛን፣ ሶማልኛን፣ ትግርኛን ያውቃልን?» ብሎ ሳይጠይቅ ገንዘብ አይክፈል።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ተቃውሞ ሲነሣ እንሰማለን። አንዳንዶች «ዳዊት ሕዝቡን ስለ ቈጠረ ቍጣ ወረደ፤ ቈጠራ መልካም አይደለም» ይላሉ። ነገር ግን ዳዊት የቈጠረው ሰይፍ የሚመዝዙትን በማየት ሊመካ ነበረ፤ ሙሴ የቈጠረው ግን ርስት ሊያካፍል ነው። ቈጠራውን ኀጢአት ወይም ጽድቅ የሚያደርገው የሚቈጠርበት ምክንያት ነው። ቍጥሩን ለሪፖርት ማሳመሪያ ብቻ የሚሰበስብ ሹም የዳዊትን ስሕተት ይደግማል፤ ድርሻ ሊያካፍልበት የሚሰበስብ ግን የሙሴን ሥራ ይሠራል። እመቤታችንም በአውግስጦስ ቄሣር ትእዛዝ ሰው ሁሉ ሲጻፍ ፀንሳ ሳለች ከዮሴፍ ጋራ ወደ ቤተ ልሔም መውጣትዋን አንርሳ።

ሌሎቹ ደግሞ «ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸው፤ ስማቸውን ለይቶ መጻፍ ቤት ያፈርሳል» ይላሉ። ይህ ቃል የሚሰነዘረው ከክፋት ሳይሆን ለትዳር ከማሰብ ነውና በአክብሮት እንመልሳለን። አንድ ሥጋ ከሆኑ በደብተሩ ላይ ሁለቱም ቢጻፉ የሚጐዳ የለም፤ አንዱ ብቻ ቢጻፍ ግን አንድነታቸው በመዝገብ አልታወቀም ማለት ነው። በፍቅር የሚኖር ቤት መዝገቡን አይከፍተውም፤ መዝገቡ የሚከፈተው ሞት ወይም ጠብ በመጣ ቀን ነው፤ በዚያ ቀን ደግሞ ከመዝገብ በቀር የሚናገርላት የለም።

እንግዲህ ለሹማምንት የምናሳስበው አጭር ነው። በየወሩ የሚቀርብላችሁ ቍጥር ሁሉ በሴትና በወንድ፣ በከተማና በገጠር፣ በዕድሜና በአካል ሁኔታ ተለይቶ እንዲቀርብ እዘዙ፤ ያልተለየውን መልሱት። ቅጽ ስታዘጋጁ ሁለተኛው ስም የሚጻፍበትን መስመር አትርሱ። መዝገብ ጸሓፊ ስትሾሙ ከሴቶችም ሹሙ፤ ሴት ለሴት የምትነግረው ለወንድ አይነገርምና። ምስጢር ያወጣውን ቅጡ። ለካህናቱ ደግሞ የምንለምነው የምታጠምቋትን ሕፃን ቀን በመዝገብ እንድትጽፉ፣ በሠርግ ቀንም ያንን መዝገብ እንድትከፍቱ ነው።

የሰለጰዓድ ልጆች በማኅበሩ ፊት ቆመው የሚጠይቁበት አፍ፣ የሚሰማቸውም ሙሴ አገኙ። ዛሬ ግን በኮምፒዩተር መዝገብ ስሟ የቀረባት የገጠር ሴት ወደ ማን ቀርባ እንደምትጠይቅ እንኳ አታውቅም፤ መዝገቡን አታየውምና መቅረቷንም አታውቅም። ስለዚህ እስክትጠይቅ መጠበቅ አይገባም። መዝገቡን የያዘው ሰው ገና ሳይዘጋው «ማን ቀረ?» ብሎ ይጠይቅ።